ሊማሊሞ ላይ የደከመው ልቤና የጣልሁት ኪኒን

ወንድሞቼና እህቶቼ፣ የጌታ ሰላም ይብዛላችሁ። ዛሬ ተራ ስጡኝ ብዬ የለመንሁ እኔው ነኝ። ሽማግሌዎቹ «ዋሴ፣ አንተ እኮ አምና መስክረሃል» አሉኝ። እውነት ነው፣ እዚሁ ቆሜ መስክሬያለሁ፤ እናንተም አሜን ብላችሁልኛል። ነገር ግን ያ ምስክርነት ግማሹ ልክ አልነበረም። ዛሬ የቆምሁት ያን ግማሽ ላቃና ነው። ልቤ በደስታ ሞልቷል፤ ብፈጥንባችሁ፣ ነገር ባደበላልቅባችሁ ታገሡኝ።

ለማታውቁኝ፣ ትውልዴ ዳባት ገጠር ነው። ጣሊያን ከተባረረ በኋላ ጎንደር የቀረ አንድ ጣሊያናዊ መካኒክ ነበር፤ እሱ ጋራዥ ገብቼ መጀመሪያ ጎማ አጠብሁ፣ ከዚያ ብሎን ፈታሁ፣ ኋላ መሪ ጨበጥሁ። ያን ጊዜ የጭነት ማኪና የሚነዳ ሰው ማለት ትንሽ ደጃዝማች ማለት ነው። ከማክሰኝት ጤፍና ሽምብራ ጭኜ፣ በዳባት በደባርቅ አድርጌ፣ ሊማሊሞን ቁልቁል ወርጄ ዛሪማ አራግፋለሁ። የማኪናዬን ድምፅ ሲሰሙ ጠጅ ቤቶቹ ብርሌ ያጥባሉ። ባለ ሥጋ ቤቱ ጎድኑን ከነጮማው ለእኔ ያስቀምጣል። ወጡን ሳልቀምስ ጨው የምነሰንስ ሰው ነበርሁ። አንዱን ሲጋራ በሌላው እለኩሳለሁ። ብርድ ነው እያልሁ ጧት አረቄ፣ ድካም ነው እያልሁ ማታ አረቄ።

ባለቤቴ ጥሩነሽ የማክሰኝት ልጅ ናት። ስትመክረኝ እጮህባታለሁ። እጄንም አንሥቼባት አውቃለሁ፤ ይህን የምናገረው አፍሬ ነው፣ ግን እውነት ነውና እናገረዋለሁ። ጌታ ከምን ዓይነት ሰው ላይ እንደ ጀመረ እንድታውቁልኝ ነው።

ሕመሙ የመጣው ቀስ ብሎ ነው። መጀመሪያ ዳገት እምቢ አለኝ። ከዚያ ተጋድሜ መተኛት እምቢ አለኝ፤ ግድግዳ ተደግፌ ቁጭ ብዬ ማንቀላፋት ጀመርሁ። ጥሩነሽ «ምነው ትንፋሽህ እንደ ወናፍ ሆነ?» ትለኛለች። «ዝም በይ፣ ብርድ ነው» እላታለሁ። እግሬ ከማበጡ የተነሣ ጫማዬ አልገባ ብሎኝ ማሰሪያውን አውጥቼ እንደ ነጠላ ጫማ ጎትቼው እሄድ ነበር። አክስቴ «የሰው ዓይን ነው የበላህ፤ መሪ ላይ ተቀምጠህ ስትኮራ አይተውህ» አለችኝ። እኔም ደስ አለኝ። ዓይን ከሆነ ጥፋቱ የሌላ ሰው ነዋ። ደግሞም የማኪናው ጌታ መታመሜን ከሰማ መሪውን ለሌላ ይሰጣል ብዬ ፈራሁ። ስለዚህ ደበቅሁት። የቀለድሁት በራሴ ሕይወት ብቻ አልነበረም፤ በስንት መንገደኛ ሕይወት ነበር።

ወንድሞች፣ አሁን ሊማሊሞን ልንገራችሁ።

ክረምቱ ወጥቶ መንገዱ ገና እርጥብ ነበር። ረዳቴ ንዳድ ይዞት ደባርቅ ቀረ። እህሉ ላይ ስድስት ሰው አሳፍሬያለሁ፤ አንዷ የምታጠባ እናት ናት። ጋቢናው ውስጥ ከጎኔ የተቀመጡት አንድ ሽማግሌ ሸማኔ ነበሩ፤ የሸመኑትን ጋቢ ጭነው ወደ ዛሪማ ገበያ የሚወርዱ። ስማቸውን እዚያው ነገሩኝ፤ አያ መኩሪያ። ዛሬ ይኸው ፊት ለፊቴ ተቀምጠዋል፤ አንገታቸውን እንዲህ የሚደፉት ስማቸው ሲነሣ ስለማይወዱ ነው። ይቅርታ አያ፣ ሳላነሣዎት አላልፍም።

ጧት ሦስት ሰዓት ገደማ ነው። ጉሙ ከገደሉ ወደ ላይ ይነሣል። አራተኛውን ጥምዝ እንዳለፍን ደረቴ ላይ ወፍጮ ድንጋይ የተጫነ መሰለኝ። ግራ ክንዴ ደነዘዘ። ላስል ስል አፌን አረፋ ሞላው። ትንፋሽ ልስብ እላለሁ፣ አይገባም። እግሬን ፍሬኑ ላይ ላደርግ አዘዝሁት፤ እግሬ የሌላ ሰው እግር ሆነ። ማኪናው ፍጥነት ጨመረ። በቀኝ ተራራ፣ በግራ ገደል፤ እናንተ መንገዱን ታውቁታላችሁ፤ ከዚያ ገደል የወደቀ ማኪና ማንም አያወጣውም።

አያ መኩሪያ ዞር ብለው አዩኝ። «ልጄ፣ ምን ሆንህ?»

«ያን ብረት» አልሁ። «ረጅሙን ብረት። ይሳቡት።»

ማኪና ነድተው የማያውቁ ሰው ናቸው። የእጅ ፍሬን ምን እንደሆነ አያውቁም። ግን ለምን ብለው አልጠየቁኝም። በሁለት እጃቸው ይዘው፣ እግራቸውን ከፊት ለፊት ተክለው፣ እንደ እርሻ በሬ ጎተቱት። እኔም በቀረችኝ አቅም መሪውን ወደ ተራራው ጠመዘዝሁ። ማኪናው አፈሩን ፈቅፍቆ፣ አፍንጫውን የተራራው ግድግዳ ውስጥ ቀብሮ ቆመ። ሞተሩ ጠፋ። ከላይ ያሉት ሰዎች ዘለው ወርደው ጎማው ሥር ድንጋይ ሸጎጡ። አንድም ሰው አልተጎዳም። ያቺ እናት ልጇን እንዳቀፈች መጥታ በመስኮቱ አየችኝና «ውኃ ስጡት» ስትል ሰማሁ።

እኔ ግን ከውኃው በፊት የሰማሁት ሌላ ነገር ነው። አያ መኩሪያ ብረቱን ገና ሳይለቁ «ጌታ ሆይ፣ ይህን ሰው ስጠኝ። ገና ነው፤ ስጠኝ» ይሉ ነበር። ጸሎት እንዲህ ነው ብዬ አላውቅም ነበር። ከጎረቤት እንደሚለምን ሰው ነበር የሚለምኑት።

ከብዙ ቆይታ በኋላ ከዛሪማ ባዶውን የሚመለስ ማኪና ደረሰ። ሰዎቹ በጋቢ አንሥተው ጫኑኝ። አያ መኩሪያም አብረውኝ ወጡ። ጨርቃቸው እህሉ ላይ ቀረ።

«ገበያዎትስ?» አልኋቸው፤ ድምፄ እየተቆራረጠ።

«ገበያ ሁልጊዜ አለ» አሉኝ። «አንተ አትናገር፣ ተንፍስ።»

ጎንደር ሆስፒታል አስገቡኝ። ሐኪሙ የውጭ አገር ሰው ነው፤ ቃሉን የሚተረጉምለት አንድ ድሬሰር፣ የሆስፒታሉ አስታማሚ፣ አለ። ሐኪሙ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ ሰክቶ ጀርባዬንም ደረቴንም አዳመጠ። በአውራ ጣቱ ቁርጭምጭሚቴን ተጫነው፤ ጣቱን ሲያነሣ ጉድጓዱ እዚያው ቀረ። ከዚያ መርፌ ወጋኝ። ወንድሞች፣ ሳቁ ግድ የለም፤ የዚያን ዕለት የሸናሁት ሽንት የበቅሎ ሽንት ነው። ድሬሰሩ ባልዲ ቢለዋውጥ ቢለዋውጥ አላልቅ አልሁት። በማግስቱ ግን ከወራት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ተጋድሜ ተኛሁ። የጌታ ስም ይባረክ፤ ተጋድሞ መተኛት ስጦታ መሆኑን የሚያውቅ ያጣው ሰው ብቻ ነው።

በሦስተኛው ቀን ሐኪሙ አልጋዬ ላይ ተቀመጠ። ድሬሰሩ እንዲህ ሲል ተረጎመልኝ፦ «የደም ግፊትህ ከፍ ብሎ ብዙ ጊዜ ቆይቷል። ልብህ ሥራ በዝቶባት ተለጥጣ ሰፍታለች። ደሙን በደንብ መግፋት ስላቃታት ውኃው ሳንባህ ውስጥና እግርህ ላይ ተጠራቀመ። ልብህ አልሞተችም፣ ደክማለች። የደከመችን ልብ መርዳት ይቻላል።»

«እንዴት?» አልሁ።

«ይህችን ኪኒን በየቀኑ ትውጣለህ። ልብን ለማበርታት ከአንድ አበባ ቅጠል የተገኘች ናት። ሌላዋ ውኃውን ታወጣልሃለች። ጨው ትተዋለህ። ሲጋራና አረቄ ትተዋለህ። ጮማና ቅቤ ትቀንሳለህ። ስትበረታ በየቀኑ በእግርህ ትሄዳለህ፤ መጀመሪያ ትንሽ፣ ከዚያ ጨመር እያደረግህ። ያን ቁልቁለት ግን ከእንግዲህ አትነዳም።»

ተቆጣሁ። «ጨው የሌለው ወጥ፣ መሪ የሌለው ሾፌር! ታዲያ ለምን አዳናችሁኝ?» ብዬ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞርሁ። ሐኪሙ ድሬሰሩን ምን አለ ብሎ ጠየቀው። ድሬሰሩ ያልሁትን እንዳለ አልነገረውም መሰለኝ፤ ሐኪሙ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ ሄደ።

የሆስፒታሉን ጨው አልባ ምግብ ሁለት ቀን መለስሁት። አያ መኩሪያ ይህን ሰሙ። በማግስቱ እዚያው ጎንደር ካለው ቤታቸው በሳህን ሽሮ ይዘው መጡ። ነጭ ሽንኩርትና በሶብላ አለበት፣ ጨው ግን የለበትም። እንጀራውን ቆርሰው መጀመሪያ እሳቸው ጎረሱ። ከዚያ እኔን አጎረሱኝ። እንዲህ አድርገው አንድ ቀን አይደለም፣ ሁለት ቀን አይደለም፤ ከሆስፒታል እስክወጣ ድረስ በየቀኑ ከእኔ ጋር ጨው አልባ በሉ።

አንድ ቀን «አያ፣ እርስዎ ጤነኛ ነዎት፤ ይህን አፈር ምን ያስበላዎታል?» አልኋቸው።

«ብቻህን እንዳትበላው ብዬ ነዋ» አሉኝ።

በዚህ ቃል ውስጤ ተሰበረ። ስንት ጠጅ የጋበዝሁት ወዳጅ ነበረኝ፤ አንዱም የሆስፒታሉን ደጅ አልረገጠም። እኒህ ሰው ግን አያውቁኝም፣ ዘመዴ አይደሉም፣ ገበያቸውን አስተጓጉዬባቸዋለሁ። ያኔ ከሊማሊሞ ጀምሮ በሆዴ የነበረውን ጥያቄ ጠየቅኋቸው። «ያን ዕለት ይህን ሰው ስጠኝ ያሉት ለምንድን ነው?»

 «ዋሴ፣ ያን ገደል ሁለታችን ነበር የምንወርደው። እኔ ብሞት ወደማውቀው ጌታ ነው የምሄደው። አንተ ግን ስትሳደብ፣ ስታጨስ፣ ስትፎክር ነበር ከደባርቅ የመጣነው። ይህ ሰው አልተዘጋጀም ብዬ ፈራሁልህ። ስለ ራሴ ለመፍራት ጊዜ አላገኘሁም።»

እኔ ግን ስለ ራሴ እንጂ ስለ ሌላ ሰው ፈርቼ አላውቅም ነበር። ማኪናዬ ላይ የተጫኑትን ስድስት ነፍሳት አሰብሁ። ያቺን እናት አሰብሁ። እጄን ያነሣሁባትን ጥሩነሽን አሰብሁ። የሐኪሙ ማዳመጫ የማይሰማው ሌላ ሕመም ልቤ ውስጥ እንዳለ የዚያን ቀን ገባኝ። ሆስፒታሉ ግቢ ከዛፍ ሥር ተንበርክከን አያ መኩሪያ ስለ ኢየሱስ ነገሩኝ፤ ስለ እኔ እንደ ሞተና እንደ ተነሣ ነገሩኝ። ልቅሶ አላስጨርስ ቢለኝም «ጌታ ሆይ፣ መሪውን አንተ ያዘው» ብዬ ሰጠሁት። ሸክሜ ወረደ፤ ይህች ቃል ቅንጣት ውሸት የለባትም። ከዚያ ቀን ወዲህ አረቄና ሲጋራ አፌ አልገባም። ክብር ለእርሱ ይሁን።

እዚያው ጎንደር ወዳለው ቤቴ ስመለስ ግን ሌላ እሳት ጠበቀኝ። ጥሩነሽ ወንጌል ተቀበልሁ ስላት «ምነው፣ የአባቶችህን ሃይማኖት ለሽሮ ለወጥኸው?» አለችኝ። እኔም ትዕግሥት አላሳየኋትም፤ ትናንት ያወቅሁትን ዛሬ ካላወቅሽ ብዬ ጨቀጨቅኋት። ነጠላዋን አንሥታ ማክሰኝት ወላጆቿ ቤት ሄደች።

እዚህ ላይ ነው አምና የመሰከርሁት። ታስታውሳላችሁ። ትንፋሼ ተመልሷል፣ እብጠቴ ጠፍቷል፣ ከቤቴ እስከ ገበያ ሳልቆም እሄዳለሁ። «ጌታ ፈጽሞ ፈውሶኛል፣ ኪኒኑን ቀሃ ወንዝ ጥዬዋለሁ» ብዬ ተናገርሁ። ቤቱ በእልልታ ተናወጠ። ያን ማንም አልመከረኝም፤ ከሽማግሌዎቹ አንዱም ጣል አላለኝም። ጌታም ጣል አላለኝም። ያለው የእኔ ልብ ነው። ሊማሊሞ ላይ ሕመሜን የደበቀው ያው ትዕቢት አሁን ደግሞ የእምነት ልብስ ለብሶ መጣ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ የጥሩነሽ ወንድም ማክሰኝት አገባ። ልታረቃት ጓጉቼ ሄድሁ። ዳሱ ውስጥ አማቶቼ ሁሉ ዓይናቸው እኔ ላይ ነው። «ይህ ሰው አዲሱ ሃይማኖቱ የእኛን ማዕድ ይከለክለዋል» እንዳይሉኝ ብዬ የቀረበልኝን ሁሉ በላሁ፤ ቁርጡን ከነጮማው፣ ቅቤ የዋኘበትን ዶሮ፣ ጨው የበዛበትን ቋንጣ። አማቴ «ሸጋ በላህልን» ብለው መረቁኝ። እኔም ሰው አከበርሁ ብዬ ደስ አለኝ። በሁለተኛው ቀን እግሬ አበጠ። በሦስተኛው ቀን ዳሱ ውስጥ፣ የሙሽራው ዘመዶች ሲጨፍሩ፣ ያ የወፍጮ ድንጋይ ደረቴ ላይ ተመልሶ ተቀመጠ።

ጥሩነሽ ነበረች መጀመሪያ ያየችኝ። ወንድሞቿን ጠርታ ማኪና አስቁማ፣ ራሴን ጉያዋ አድርጋ ጎንደር አደረሰችኝ። በመንገድ ላይ ጠየቀችኝ፦ «ኪኒንህስ?»

«ጣልሁት።»

«ምነው?»

«ጌታ ፈውሶኛል ብዬ።»

«ጣለው ያለህ አምላክህ ነው ወይስ አንተ ነህ?» አለችኝ። ወንድሞቼ፣ ስብከት ብዙ ሰምቻለሁ፤ እንደዚያች ጥያቄ የወጋኝ የለም።  ትንፋሽ ልስብ እየታገልሁ ጎንደር ደረስሁ።

ያው ሐኪም፣ ያው ድሬሰር፣ ያው መርፌ። ሐኪሙ አልጮኸብኝም። «ለምን ተውኸው?» አለ፤ ነገርሁት። ከዚያ እንዲህ ሲል አስተረጎመ፦ «እኔም በየጧቱ ሥራ ከመጀመሬ በፊት እጸልያለሁ። ይህን ኪኒን የምሰጥህ ጸልዬ ነው። እንግዲህ የጸሎቴን መልስ ነው ወንዝ የጣልኸው።»

አያ መኩሪያ ማታውኑ መጡ። ይቆጡኛል ብዬ ስጠብቅ እንባቸው ቀደመ። «ጥፋቱ የእኔም ነው» አሉ። «ከሁሉ ይልቅ ጮክ ብዬ አሜን ያልሁት እኔ ነኝ። አንተን ልጄን ሐኪሙ ምን አለ ብዬ ሳልጠይቅህ አሜን አልሁ።» ከዚያ ወደ ጥሩነሽ ዞረው ዝቅ ብለው እጅ ነሡ። «አንቺ ነሽ ያዳንሽው፤ እግዚአብሔር ይስጥሽ» አሏት። እሷም ተነሥታ ወንበሯን ለቀቀችላቸው። ሁለቱ አልጋዬ ግራና ቀኝ ተቀምጠው ጸለዩልኝ፤ እሳቸው በራሳቸው አጸላለይ፣ እሷ በአባቶቿ። እኔ መሐል ሆኜ ለሁለቱም አሜን አልሁ።

ከሆስፒታል ስወጣ ጥሩነሽ ማክሰኝት አልተመለሰችም። ቤታችን ገባች። የመጀመሪያ ሥራዋ የጨውን ዕቃ ለጎረቤት መስጠት ሆነ። «አንተ ብቻ ጨው አልባውን ስትበላ እኔ ጨው ልልስ?» አለችኝ። አሁን ወጣችን በጤና አዳም፣ በዝንጅብል፣ በነጭ ሽንኩርት ነው። መጀመሪያ አፌ አለቀሰ፤ አሁን ግን የምስርን የራሱን ጣዕም አወቅሁት። ቅቤ ለበዓል ብቻ ነው፣ እሱም በጣት ጫፍ። ጮማ ሳይ ሐኪሙ ጣቱን የተጫነበት ቁርጭምጭሚቴ ያሳክከኛል። በየጧቱ ሁለታችን በእግራችን እንወጣለን፤ መጀመሪያ እስከ ቀሃ ድልድይ ነበር፣ አሁን ድልድዩን አልፈን ብዙ ሄደን እንመለሳለን፤ ስንሄድ እሷ ናት የምትቀድመኝ። በመንገድ ላይ ስለ ሁሉ ነገር ይቅርታ ጠይቄያታለሁ፤ እጄን ስላነሣሁባት ቀን አንድ በአንድ። «ሂድ ሂድ፣ እየተራመድህ አውራ» አለችኝ።

ሊማሊሞን አልነዳም። ያ ለእኔ ቀላል አልነበረም፤ አልዋሻችሁም፣ የማኪና ድምፅ በሌላ ሰው መሪ ሲያልፍ ልቤ ይዘልላል። ግን ጋራዥ ውስጥ ፍሬን የምጠግነው እኔ ነኝ። እያንዳንዱን ፍሬን ስጠግን ላዩ ላይ የሚሳፈረውን ሰው እያሰብሁ እጸልይለታለሁ። ጥሩነሽም በየበዓሉ ቤተ ክርስቲያኗን ትስማለች። እኔ አልገፋትም፤ ዛሬ ልመሰክር ነው ስላት ግን «የእኔንም ነገር ሳትደብቅ ተናገር» አለችኝ። ይኸው ተናገርሁ።

እንግዲህ ፈውሴ ምንድን ነው ብትሉኝ እንዲህ እላለሁ። ጌታ ሊማሊሞ ላይ በሽማግሌ እጅ ብረት ሳበልኝ። በሐኪም እጅ መርፌ ወጋኝ። በሚስቴ እጅ ጨው ከቤቴ አወጣ። በአንድ ሌሊት ይፈውሰኝ ቢል ማን ይከለክለዋል? ይችላል፤ አምናለሁ። ለእኔ ግን በየጧቱ በምውጣት ኪኒን፣ በየጧቱ በምራመዳት እርምጃ ሊፈውሰኝ ወደደ። ዛሬ ጧትም ውጬ ነው የመጣሁት። አላፍርባትም፤ ስውጣት አመሰግነዋለሁ፤ ከዚያች ከትንሿ የቅጠል ኪኒን ጋር ስሙን እጠራለሁ። ልቤን ሁለት ጊዜ መለሰልኝ፤ አንዱን ደም የሚገፋውን፣ ሌላውን ሰው የሚወድደውን። ይህን ጌታ እንዴት ዝም እላለሁ?

አሁን ልጨርስ ነው። እዚህ መሐል አንድ ሰው እንዳለ ይሰማኛል። ዳገት ላይ ሲቆም ሰው እንዳያየው አገሩን የሚያይ መስሎ የሚቆም። ለሚስቱ ብርድ ነው የሚል። ወይም ወደ ጌታ መምጣት እየፈለገ ነገ ነገ የሚል። ወንድሜ፣ እህቴ፣ ማንም ብትሆን አውቅሃለሁ፤ እኔ ነበርሁ። አትደብቅ። ጌታን ታመነው፤ የሚሰጥህን እጅ ሁሉ ደግሞ አትመልስ። ጸሎቱ ሲያበቃ በር ላይ እቆማለሁ። ና፤ አብረን እንጸልያለን። ሰኞ ጧት ደግሞ አብረን በእግራችን፣ ቀስ ብለን፣ ስትደክም እያረፍን፣ ሆስፒታል እወስድሃለሁ።